የሚጠራጠር ምእመን በጎንደር ማንን ይጠይቅ?

በአማርኛ «ናፈቀ» ስንል የራቀውን ወዳጁን ወይም አገሩን ለማየት የጓጓ ሰው ይታየናል። ቃሉን ግእዝ ቤት ይዘውት ሲገቡ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ተጠራጠረ፣ ልቡ በሁለት ሐሳብ ተከፈለ ማለት ይሆናል። ኑፋቄም መናፍቅም የወጡት ከዚሁ ግንድ ነው። ስለዚህ ገና እያመነታ ያለው፣ አመንትቶ የጨረሰውና ሌላ ትምህርት ይዞ የሚያስተምረው ሦስቱም በአንድ ስም ሊጠሩ ይችላሉ። ቃሉ በመካከላቸው ግድግዳ አላቆመም።

ጎንደር ውስጥ ይህ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። አንድ ወጣት እራት ላይ «ይኼ ነገር ግን አልገባኝም» ብሎ ሲጀምር፣ ከእናቱ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል ብዙ ጊዜ «ጴንጤ ሆንህ እንዴ?» የሚል ነው። ያልገባው ነገር ምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ልጁም ሁለተኛ አይናገርም፤ እንጀራውን ጠቅልሎ ይጎርሳል፣ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል፣ ቤቱ ሰላም ይሆናል። ከዚያ በኋላ በልጁ ውስጥ የሚሆነውን የሚያይ የለም።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የጎንደር ከተማ ነዋሪ 207,044 ነበር። ከመቶው 84 ያህሉ ኦርቶዶክስ ነኝ ብሎ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቆጠራ አልተካሄደም። በአገር ደረጃ በ1987ቱ ቆጠራ ከመቶ 50.6 የነበረው የኦርቶዶክሳውያን ድርሻ በ1999ኙ ወደ 43.5 ወርዷል። ጎንደር ላይ ተቀምጦ ይህን የሚያነብ ሰው «ወሬው እኛ ጋ አልደረሰም» ቢል አይፈረድበትም። ቆጣሪው የጠየቀው ግን የሃይማኖቱን ስም ነው። መንደሩ በአንድ ደብር፣ በአንድ ዕድር፣ በአንድ የጽዋ ማኅበር በተሳሰረበት ከተማ ማመን ያቃተው ሰው እንኳ ስሙን አይለውጥም። ጥምቀት ሲሆን ነጭ ለብሶ ታቦታቱን አጅቦ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳል። ለአባቱ ተዝካር ድንኳን ይተክላል፣ ወንድ ልጁን በአርባ ቀኑ ክርስትና ያስነሣል። ሁሉ ነገር በቦታው ነው፤ ልቡ ብቻ የለም።

ሌላም መሸሸጊያ አለ፣ ብዙ አይነገርለትም እንጂ። በእኛ ዘንድ ከሕፃናት፣ ከአረጋውያንና ከጥቂት ወጣቶች በቀር አብዛኛው ምእመን አይቆርብም። ዘወትር የሚቆርብ ሰው አንድ እሑድ ቢቀር ካህኑ «ምነው ጠፋህ?» ይላል። ድሮውንም ከማይቆርብ ሕዝብ መካከል ግን ማን በልማድ፣ ማን በፍርሃት፣ ማን ደግሞ በጥርጥር እንደቀረ መለየት አይቻልም። ቅጥሩን ተሳልሞ ከዛፍ ሥር የቆመው ሁሉ አንድ ዓይነት ነጠላ ነው የለበሰው።

ታዲያ ጥርጥሩ ከየት ይመጣል ሲባል በብዙ ሰው አፍ ላይ ያለው መልስ «ቲክቶክ ነው ያጠፋቸው» የሚል ነው። እውነትነት አለው። ማታ ማታ በላይቭ የሚካሄደውን ክርክር የሚከታተል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ መጽሐፍ ቅዱስ 81 ነው ወይስ 66፣ መጽሐፈ ሔኖክ ለምን ሌላው ጋ የለም፣ ምልጃ የት ተጽፏል የሚሉትን ጥያቄዎች መጀመሪያ የሚሰማው ከሚያሾፍ ሰው ነው። ከሰንበት ትምህርት ቤት መምህሩ ቀድሞ ሰምቷቸው ቢሆን ኖሮ ባልደነገጠ ነበር። ነገር ግን ሁሉን በስልክ ማላከኩ አይዋጥልኝም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ቲክቶኩ ዝም ባለበት በዚያ ጊዜ ጥያቄው ዝም አላለም። እንዲያውም ከባዱ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

የሰሜኑ ጦርነት ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ቆየ፤ ወደ ዳባትና ደባርቅ አቅጣጫም ደርሶ ነበር። ዓመት ሳይሞላው በሐምሌ 2015 በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። መንገድ የወጣ ሁሉ አይመለስም፣ ሰው ይታገታል፣ ለማስለቀቂያ ከብትም ቤትም ይሸጣል። በዚህ ዘመን የሚነሣው ጥያቄ ስለ መጽሐፍ ቁጥር አይደለም።

አንዲት እናት አውቃለሁ። ልጇ በሰላም ከተመለሰ ለታቦቱ ጥላ አስገባለሁ ብላ ተስላ ነበር። ልጁ አልተመለሰም። አርባው ካለፈ በኋላ፣ የዓመቱ ንግሥ ሲደርስ፣ ጥላውን ገዝታ ይዛ መጣች። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ዋጋው የማይቀመስ ዓይነት። ለካህኑ ስታስረክብ ያለችው ይህን ብቻ ነበር፦ «ይኸው፤ እኔስ ቃሌን ጠብቄያለሁ።» ካህኑ «እግዚአብሔር ይቀበልሽ፣ ስለትሽን ይስማልሽ» ብለው ጥላውን ተቀበሉ፤ እልልም ተባለ። አጠገቧ የነበርን ሰዎች ነገሩ የገባን ዘግይቶ ነው። ሴትዮዋ ምስጋና አላቀረበችም፤ ክስ ነው ያቀረበችው። ሰሙ ስለት ነበር፣ ወርቁ «አንተስ?» የሚል። ቅኔ በሚዘረፍባት ከተማ ይህን ወርቅ ያወጣላት ሰው አልተገኘም።

እንዲህ ላለው ሰው ማስረጃ መደርደር ምንም አይሠራለትም። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ማለትም ቁስል ላይ ጨው ነው፤ ምክንያቱም ሴትዮዋ የምትጠይቀው ልክ ስለዚያ ፈቃድ ነው። ኢዮብን ሊያጽናኑ የመጡት ሦስት ወዳጆቹ ከሠሩት ሁሉ የተሻለው የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናትና ሌሊቶች ናቸው፤ አንድ ቃል ሳይናገሩት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ። ነገር የተበላሸው መናገር ሲጀምሩ ነው። ለቅሶ መቀመጥን እኛም እናውቅበታለን፤ ሦስት ቀን እንቀመጣለን፣ ንፍሮ እናቀርባለን፣ አናስተዛዝንም ብሎ የሚከሰን የለም። ችግሩ የሃይማኖት ነገር ሲሆን ያን ችሎታችንን ደጅ ትተነው መግባታችን ነው።

ሌላው ጥርጥር ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች የሚመጣው ነው። ምእመኑ ከ1984 ዓ.ም. ገደማ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. በሁለት ሲኖዶስ ተከፍሎ ኖረ። በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከፕትርክናቸው በፊት የጎንደር ሊቀ ጳጳስ የነበሩ በመሆናቸው ነገሩ ለዚህ ከተማ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ዕርቁ ከወረደ አምስት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ በጥር 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከሲኖዶሱ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ከዚህ በታች በየደብሩ ያለው የገንዘብ ክርክር፣ የዘመድ ቅጥር፣ በዐውደ ምሕረት ላይ የሚካሄደው የልመና ጩኸት አለ። በዚህ የቆሰለ ሰው ሲናገር «ሰውን አትይ፣ እግዚአብሔርን እይ» ይባላል። ምክሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ግን ያቆሰለው ሰው ራሱ ሲናገረው «እኔን አትዩኝ» ማለት ይሆንበታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው «እውነትህን ነው፣ ይኼ ጥፋት ነው» የሚል አንድ ካህን ነው። ከዚያ በኋላ እግዚአብሔርንና ደብር አስተዳዳሪውን ራሱ ይለያቸዋል፤ ሕዝቡ ያን ያህል ሞኝ አይደለም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ ስለምናጠፋበት ነገር። አንዳንድ ሰው በቅዳሴ መካከል፣ ልክ ቅዱስ ቅዱስ ሲባል፣ የስድብ ሐሳብ ወይም አጸያፊ ምስል አእምሮው ውስጥ ይገባበታል። ሰውየው ሐሳቡን አልጠራውም፤ ይጠየፈዋል። ያማትባል፣ ይሰግዳል፣ ይመለስበታል። «ይኼ ከመጣብኝ አላምንም ማለት ነው?» እያለ የንስሐ አባቱን በሳምንት ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ የተናዘዘውን ደግሞ ይናዘዛል፣ አንድ ቃል ዘልዬ ይሆናል ብሎ ውዳሴ ማርያሙን ከመጀመሪያው ይደግማል። በሕክምናው ኦሲዲ የሚሉት የአእምሮ ሕመም አንዱ መልኩ እንዲህ ነው። መለያውም ካወቁት አይከብድም። ጥያቄ ያለው ሰው መልስ ሲያገኝ ወይ ይረካል ወይ ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ታማሚው ግን ጠዋት ተረጋግቶ ከሄደ ከሰዓት በኋላ ያችኑ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል። ማረጋገጫ በሰጡት ቁጥር ሕመሙን ይመግቡታል፤ ስግደት በጨመሩለት ቁጥር ጭንቀቱን ያበዙበታል። በንግግር ሕክምናና በመድኃኒት የሚሻል ነገር ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ከብዙ ደብር በእግር የሚደረስ ነው።

ጠበልን ልንቅ አይደለም፤ እናቴም እኔም ያደግንበት ነው። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን እንዲጥል ሲነገረው ግን ዝም ማለት አይገባም። ሁለቱን አብረው የሚያስኬዱ፣ «ጠዋት ተጠመቅ፣ ኪኒንህን ከምግብ በኋላ ዋጥ» የሚሉ አባቶች አሉ። አይጮሁም፣ ስለዚህ አይታወቁም። ጸሎት ባዶ ሲሆንባት፣ እንቅልፍ ሲያጣት፣ ምግብ ሲያስጠላት ለቆየች ሴትም «እምነትሽ ቀዘቀዘ» ከማለት በፊት ስንት ሳምንት እንዲህ እንደሆነች መጠየቅ ይቀድማል። የቀዘቀዘው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

እስካሁን ያልሁት ለየትኛውም ከተማ ይሠራል። ጎንደር ግን ሌላ ታሪክ አላት፤ እኔን የሚያስቆጨኝም እሱ ነው።

ይህች ከተማ የተቆረቆረችው በእምነት ጥያቄ አገር ከታመሰ በኋላ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክነት ሄዱ፣ ደም ፈሰሰ፣ ዙፋኑን ለቀቁ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ተዋሕዶን መልሰው በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መቀመጫቸው አደረጉ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ፤ የቀሰቀሱት ክርክር ግን አብሯቸው አልሄደም። በክርስቶስ ሰው መሆን ምሥጢር ላይ የሚለያዩት ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ የሚባሉት ወገኖች በነገሥታቱ ፊት እየቀረቡ ሲሟገቱ ኖሩ፤ ነገሩ የተቋጨው በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። በመካከሉ ዘመኑን ለማሳመር አልፈልግም። በዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ጊዜ በጉባኤ የተረቱት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እዚሁ ጎንደር ውስጥ ተጨፍጭፈዋል። ክርክር ያለበት ሁሉ ጤነኛ ነው የሚል ሰው ያን ማስታወስ አለበት።

ነገር ግን ከዚያው ዘመን የአንድምታ ትርጓሜ ትምህርት ወጣ። የመጻሕፍት መምህሩ ግእዙን ያነብና በአማርኛ ይፈታዋል፤ ፈትቶ አያቆምም፣ «አንድም» ይላል፤ ደግሞ «አንድም»። ለአንድ ኃይለ ቃል ሦስት አራት መንገድ ይከፍታል። ይህ እንዲህ ከሆነ ያኛው ለምን እንዲያ ተባለ ብሎ ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ለሁለት የተከፈለው ትምህርት ቤት፣ የመምህር ኤስድሮስ ስም የሚጠራበት ወንበር፣ ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት የሚባሉት አራቱ ጉባኤያት ሁሉ በጥያቄ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። የማይጠይቅ ተማሪ እዚያ «አልገባውም» ይባላል እንጂ «አመነ» አይባልም።

የሚጠቀስም አላቸው። ካህኑ ዘካርያስ መልአኩን «ይህን በምን አውቃለሁ?» አለውና ዲዳ ሆነ። ድንግል ማርያም «ይህ እንዴት ይሆናል?» አለችና መልስ ተሰጣት። ሁለቱም ጠየቁ፤ ለምን አንዱ ተቀጣ? መምህራን ሲያስረዱ፣ ዘካርያስ በፊቱ ሣራና አብርሃም ነበሩለት፣ በስተርጅና መውለድ አዲስ ነገር አልነበረም ይላሉ፤ ለእመቤታችን ግን ቀድሞ የሆነ ምሳሌ አልነበረም። ልብ በሉ፤ ይህ ማብራሪያ ጥያቄን ሁሉ ኃጢአት አያደርግም። ማን፣ ከምን ተነሥቶ፣ ምን ፈልጎ እንደጠየቀ ይመረምራል። ዮሐንስ መጥምቅ ከእስር ቤት «የሚመጣው አንተ ነህን ወይስ ሌላ እንጠብቅ?» ብሎ ሲልክም፣ መምህራኑ «ለራሱ ጠፍቶት አይደለም፣ ደቀ መዛሙርቱ ከራሱ ከጌታ ይሰሙ ብሎ ነው» ይላሉ። ተማሪውን ወደሚያውቀው መላክ ማለት ነው። ይህችን ኋላ እመለስባታለሁ።

እንዲህ ያለ ሀብት ባለበት ከተማ ልጁ ለምን ከቲክቶክ ይጠይቃል? መልሱ ከእምነት ይልቅ ከአሠራር ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። የአብነት ትምህርቱ የተለያየ ቤት ነው። አንዱ ዜማና ቅዳሴ ተምሮ ይካናል፤ ሌላው ቅኔ ዘልቆ ወደ መጻሕፍት ቤት ይገባና ዓመታት ይፈጃል። የንስሐ አባት ሆኖ በየቤቱ የሚዞረው በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው። ኑዛዜ የሚሰማው አንድ ሰው፣ መልሱን የሚያውቀው ሌላ ሰው። የመጻሕፍት መምህሩ ደግሞ በተማሪዎቹ ተከቦ ይኖራል፤ ምእመኑ «የኔታ» ብሎ እጅ ነሥቶ ከማለፍ በቀር ወንበሩ አጠገብ አይደርስም። ጥያቄ ያለው ሰውና ጥያቄ የሚፈታው ሰው በአንድ ቅጥር ውስጥ ሆነው አይተዋወቁም።

የንስሐ አባቱን ኑሮም ማየት ነው። ሌሊት ሰዓታት፣ ጠዋት ቅዳሴ፣ ቀን ፍትሐት፣ ከዚያ የእርሻ ወይም የንግድ ነገር፤ ደመወዙ አያኖረውም። የንስሐ ልጆቹ ብዙ ቤት ናቸው። ሲመጣ ጠበል ይረጫል፣ ዳዊቱን ይደግማል፣ «ይፍቱኝ አባ» ይባላል፣ «እግዚአብሔር ይፍታ» ይላል፣ ጠላ ቀምሶ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። በዚህ መካከል «አባ፣ እግዚአብሔር መኖሩን እጠራጠራለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚገባበት ቀዳዳ የት አለ?

የሰንበት ትምህርት ቤቶች በዚህ ረገድ ሞክረዋል። ስም ሳይጻፍ ጥያቄ የሚጣልበት ሣጥን በብዙ ቦታ አለ። እኔ ባገለገልሁበት ሰንበት ትምህርት ቤትም ነበር፤ የጫማ ካርቶን በነጭ ወረቀት ተሸፍኖ፣ ላዩ ተቀዶ። ወር ሲሞላ ሦስት ሆነን ከፈትነው። «በጾም ቀን የጥርስ ሳሙና ይፈቀዳል ወይ?» የሚለውን ለጉባኤ አዘጋጀነው። «ነጠላ እንዴት ይጣፋ?» የሚለውንም። ከመካከሉ ከደብተር የተቀደደች፣ ስምንት ጊዜ የታጠፈች ወረቀት ነበረች፤ «ስጸልይ ከጣሪያው በላይ ማንም ያለ አይመስለኝም፤ ምን ላድርግ?» ትላለች። ተያየን። «ይቺን ለመምህሩ እንስጣት» ተባለ፤ ለየትኛው መምህር እንደሆነ ሳይባል። ወረቀቷ የእኔ ደብተር ውስጥ ቀረች። በሚቀጥለው ወር ሣጥኑ ውስጥ የተገኙት ሦስት ወረቀቶች ብቻ ነበሩ፤ ስለ ጾምና ስለ ነጠላ። ጻፊው ሰው ማን እንደነበረ አላወቅሁም፤ ሣጥኑ የተሠራው ለዚያ ነውና።

ያን ዓመት ያልገባኝ ነገር የገባኝ በዳግማ ትንሣኤ ነው። የቶማስን ነገር ሁላችን እናውቃለን፤ «ካላየሁ፣ እጄን ካላገባሁ አላምንም» አለ፣ ከስምንት ቀን በኋላ ጌታ መጣ። ትምህርቱ ሁልጊዜ የሚያተኩረው በመጀመሪያውና በስምንተኛው ቀን ላይ ነው። በመካከል ያሉትን ቀኖች የሚጠይቅ የለም። ዮሐንስ ወንጌላዊ ግን በስምንተኛው ቀን ደቀ መዛሙርቱ በውስጥ እንደነበሩ ጽፎ «ቶማስም ከእነርሱ ጋር ነበረ» ይላል። አሥሩ አይተዋል፣ እሱ አላየም፤ እነሱ ደስ ብሏቸዋል፣ እሱ አላምንም ብሏል። ያን ሁሉ ቀን አብሯቸው በላ፣ አብሯቸው አደረ። ውጣ ያለው አልነበረም፤ እሱም አልወጣም። በሩ የተዘጋው በአይሁድ ፍርሃት ነበር እንጂ በእሱ ላይ አልነበረም።

የሚጠራጠርን ሰው መርዳት ሲባል ብዙዎቻችን የመልስ ድርደራ እናስባለን፤ ለእኔ ከመልሱ የሚቀድመው ይህ ስምንት ቀን ነው። ሰውየው ሳያምን የሚቆይበት ቦታ። እናት «ጴንጤ ሆንህ?» ከማለት «እስቲ ምኑ ነው ያልገባህ?» ብትል አንድ ቀን ተገኘ። የጽዋ ማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት መሪው፣ የቀረውን ሰው ስሙን ከመዝገብ ከመሰረዝ ይልቅ ተራው ሲደርስ ዳቦውን ቤቱ ቢወስድለት ሁለተኛ ቀን ተገኘ። የንስሐ አባት የሰማውን ለቤተሰቡ ባያወጣ፣ ይህማ ድሮም ሕግ ነው፣ ሦስተኛ ቀን ተገኘ። ምስጢር ወጣ የተባለ ዕለት ግን በመንደሩ ያሉ ተጠራጣሪዎች ሁሉ አፋቸውን ይዘጋሉ፤ አንዱ ብቻ አይደለም።

በዩኒቨርሲቲው ያሉ ግቢ ጉባኤያት፣ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ማኅበራት ማለት ነው፣ ይህን ከሌላው በተሻለ ሊሠሩት ይችላሉ። ልጆቹ ከቤት ርቀዋል፣ እኩዮች ናቸው፣ ማታ ማታ ይገናኛሉ። የማየው ጉድለት ፕሮግራሙ ሁሉ ስብከትና መዝሙር መሆኑ ነው፤ ወንበሩ ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞሯል። ሰባኪው ሲጨርስ «ጥያቄ ያለው?» ይላል፤ ሦስት መቶ ሰው ፊት ማን ይነሣል? የምድብ አነስተኛ ቡድን ያላቸው ቦታዎች ላይ ነገሩ እንደሚለወጥ አይቻለሁ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ወደ መጻሕፍት ቤቱ ልመለስ። ነገሩ የሚጀምረው ግን በአዘዞ መንገድ ካለ አንድ መኖሪያ ቤት ነው። ልጅቱ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ከወንድሟ ሞት ወዲህ አትጸልይም፣ ቤተ ክርስቲያንም ብትሄድ ለእናቷ ብላ ነው። የንስሐ አባታቸው በዐቢይ ጾም አንድ ከሰዓት በኋላ መጡ። ጠበሉን ረጩ፣ ቡና ተፈላ። እናት ማጀት ስትገባ ልጅቱ ድንገት ተናገረችው። እኔ የነበርሁት በር አጠገብ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ነኝና አልተሸሹኝም። አባ ስኒውን አስቀመጡት። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«ስንት ጊዜሽ ነው እንዲህ ከሆንሽ?» አሉ።

«ዓመት ሊሆነኝ ነው።»

«ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ስመጣ እንዲህ ሆነሽ ነው የተቀበልሽኝ?»

«አዎ፣ አባ።»

«እኔን ነው ይቅር ማለት ያለብሽ።» ከዚያ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አነሡ። «እኔ የተማርሁት ቅዳሴ ነው ልጄ። ይኼን ብመልስልሽ እቀባጥራለሁ። የኔታ ዘንድ ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን። ለእናትሽ ምንም አትንገሪ፣ እኔም አልነግራትም።»

ቅዳሜ ሄዱ። ኋላ ልጅቱ እንደነገረችኝ፣ የኔታ ጥያቄዋን ሁለት ጊዜ አስደገሟት። «በይ ጮክ ብለሽ፣ ጆሮዬ ደክሟል።» ከዚያ መልስ ትጠብቃለች፣ እሳቸው ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «ማነው የሚመልስላት?» አንዱ ከኢዮብ ጀመረ፣ ሌላው አቋረጠው፣ ሦስተኛው «እሱ ለዚህ አይጠቀስም» ብሎ ተነሣ። አንዱ ሌላውን «አንተ ወንድምህ ሞቶ ያውቃል?» አለው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። ሲመሽ «በሚቀጥለው ቅዳሜ እንቀጥላለን» ብለው ጸሎት አደረጉ። መልስ አልተሰጣትም።

«ለካ እነሱም ይከራከራሉ» አለችኝ፣ እንደተገረመች ሰው።

ይህ ከሆነ ሰባት ወር አልፎታል። እስከ ዛሬ አልቆረበችም። እናቷ የሚያሳስባት ሌላ ነገር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቱ ቡና ሳትጠጣ ወዴት እንደምትወጣ።